አሮጌ ሞተር፣ አሮጌ ካምቢዮ

ሆት ሮድ ሲጀመር ገንዘብ የሌለው ልጅ የሠራው የሩጫ መኪና ነበር። ዛሬ ይህን የሰማ ሊስቅ ይችላል፤ የ1932 ፎርድ አካል ፈልጎ፣ የዘመኑን ሞተርና ካምቢዮ ገጥሞ፣ «እንደ ድሮው» አንድ መኪና ማቆም ኪስ የሚያራቁት ሥራ ሆኗልና (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ታሪኩ ግን የሚነሳው ከተጣለ ዕቃ ነው።

ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ሞዴል ቲን ከ15 ሚሊዮን በላይ አምርቷል። በ1930ዎቹ አብዛኞቹ አርጅተው ስለነበር የደቡብ ካሊፎርኒያ ጎረምሳ በርካሽ ይገዛቸዋል። ፓራፋንጎውን ይፈታል፣ ኮፈኑን ያነሳል፣ ክብደት የሚባል ነገር ሁሉ ይወርዳል። ከዚያ ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ሙሮክ ወደሚባለው ደረቅ ሐይቅ ነው። መሬቱ እንደ ምጣድ ልሙጥ ነው፤ የሚጋጩት ዛፍ የለም። አቧራው ግን ጉድ ነው፤ የፊተኛው መኪና ያስነሳው የኋለኛውን ያሳውረዋል። ክለቦቹ በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ የሩጫ ማኅበርን ሲመሠርቱ ሩጫውን ሥርዓት ለማስያዝ ነበር።

የነገሩ ልብ ሞተሩ ነው። ሄንሪ ፎርድ በ1932 ቪ8ን ለተራው ሰው አወጣ፤ 221 ኪዩቢክ ኢንች (3.6 ሊትር ገደማ)፣ 65 የፈረስ ጉልበት፣ ርካሹ መኪና ከ500 ዶላር በታች። ፍላትሄድ የተባለው ቫልቮቹ ከፒስተኑ በላይ ሳይሆን ከጎኑ ስለሚቀመጡ ነው፤ ቴስታታው እንደ ድስት ክዳን ጠፍጣፋ ነው። በጓሮ ሊፈታ የሚችል ቀላል ሞተር ነው። ችግሩም እዚያው ነው፤ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውጪ የሚወጣው በሞተሩ ብረት ውስጥ፣ በማቀዝቀዣው ውሃ አጠገብ አልፎ ስለሆነ ቶሎ ይፈላል። ጎረምሶቹ ይህን እያወቁ ሁለት ሦስት ካርቡሬተር ደረደሩበት፣ ሲሊንደሩን አሰፉት፣ ቴስታታውን በአሉሚኒየም ቀየሩት። ቪክ ኤደልብሮክ በራሱ የ1932 ፎርድ የሞከረውን ዕቃ ለሌሎች መሸጥ ጀመረ፤ ከእንዲህ ዓይነት ጋራዥ አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ ወጣ።

ስለ ካምቢዮው ብዙ አይወራም። ባለ ሦስት ማርሽ ነው፤ አንደኛው ማርሽ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስማማ ሲንክሮ የለውም። ሳይቆም ወደ አንደኛ ሊመልስ የፈለገ ሾፌር ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥን ይለምዳል፤ አለዚያ ጥርሱ ይፋጫል። የሊንከን ዜፈር ጥርሶች በፎርዱ ካምቢዮ ውስጥ ስለሚገጥሙ ሰዎች እነሱን ያስገቡ ነበር፤ ያኔ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ረዘም ብለው ይሮጣሉ።

ከዚያ 1949 መጣ፤ ኦልድስሞቢል ሮኬት ቪ8ን አወጣ። በ1955 የሼቭሮሌት 265 ኪዩቢክ ኢንች ተከተለ። የሁለቱም ቫልቭ ከላይ ነው፤ ጉልበታቸውም የሚያወዳድር አልነበረም። ፎርድም ፍላትሄዱን በአሜሪካ ከ1953 በኋላ ተወው። ያን ሞተር ያነገሡት ብዙዎቹ ልጆች ራሳቸው አውርደው ጣሉት።

ታዲያ ዛሬ «ከፍላትሄድ ሌላ አይገባም» የሚለው ሠሪ የማንን ወግ ነው የሚጠብቀው? የድሮዎቹ አሮጌውን የያዙት ስለናፈቁት አይደለም፤ እጃቸው ላይ ያለው እሱ ስለነበር ነው። መንፈሳቸው «የተሻለ ካገኘህ ቀይር» የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን የዛሬው ወግ አጥባቂ ከነሱ ተቃራኒ ቆሟል።

እንዲያም ሆኖ ሥራውን ከንቱ ነው አልልም። ስንጥቅ ያለበትን የሞተር ብረት የሚለይ ዓይን፣ ካርቡሬተርን በጆሮ የሚያስተካክል ሰው፣ ማርሽ ሳያፋጭ የሚያስገባ እግር በመጽሐፍ ብቻ አይወረሱም። ሞተሩ ሙዚየም ውስጥ ቢቆም ብረቱ ይተርፋል፤ እጁ ግን ይጠፋል። እጁን የሚያቆየው መኪናው ሲሠራ፣ ሲፈላ፣ መንገድ ዳር ሲጠገን ነው።

ወጉ የት ላይ መቆም እንዳለበት ደግሞ ፍሬኑ ያሳያል። የ1932 ፎርድ ፍሬን በብረት ዘንግ የሚሳብ ነበር፤ ፎርድ በ1939 ወደ ሃይድሮሊክ ዞረ። ያኔ የነበሩት ሠሪዎች አዲሱን ፍሬን ከወደቀ መኪና ፈትተው አሮጌው ላይ ገጠሙት። ዛሬም ከወግ አጥባቂዎቹ ብዙዎቹ ያንኑ ያደርጋሉ። ሞተሩ ቢያረጅ ቢበዛ መንገድ ላይ ያስቀራል፤ ፍሬኑ ግን የሰው ነፍስ ነው።