ማማር ቀን የነበረው አገር

በወሎ፣ በላስታ ደጋ ማማር ቀን ነበረው። ገበሬው በአዘቦት የተጣፈ ቁምጣ ታጥቆ ቢውል የሚታዘበው አልነበረም፤ የክት ኩታው ከሣጥን የሚወጣው ለንግሥ፣ ለሠርግ፣ ለገና ነበር። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ጭንቀት ያኔም ሰውን ሰቅዞ ይይዝ ነበር። ግን በዓሉ አልፎ የክቱ ሲታጠፍ ጭንቀቱም አብሮ ይታጠፋል። ያ ገደብ ሲጣስ ምን እንደሚከተል ወሎ ከማንም በላይ አይቷል።

ከዐለቱ እንጀምር። 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በትውፊት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና የ13ኛው መባቻ ሥራ ናቸው። በታኅሣሥ 29 ለገና የሚጎርፈው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ ይገባል፤ ባለጸጋውም ችግረኛውም ጫማውን ደጅ ያወልቃል። ካህናቱ ገሚሱ ከአፋፉ፣ ገሚሱ ከግቢው ሆነው በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉን ሲያዜሙ ልብሱ ያብረቀርቃል፤ ግን ልብሰ ተክህኖው የቤተ ክርስቲያን ነውና አገልግሎቱ ሲያበቃ ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳል። መልክን በሥዕል ማስቀረትማ የንጉሥ ወግ ነበር። በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ ከእ.ኤ.አ. 1270 እስከ 1285 የነገሠውን ይኩኖ አምላክን እናያለን፤ ዐለቱን የፈለፈሉትን ሰዎች ፊት ግን አናውቀውም።

ለተራው ሰው የተፈቀደው የማማር ወቅት በነሐሴ ይመጣል። የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ሲገባ የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬ ይጫወታሉ፤ ዋግ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል ይለዋል። አስቀድሞ ሹሩባው ይሠራል፣ እጅና እግር እንሶስላ ይሞቃል፣ ዓይን ይኳላል። ለምለሙ የአሸንድዬ ቅጠል ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ከበሮው እየተመታ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ይህን ሁሉ በናፍቆት ብቻ ማውራት ግን ሐሰት ይሆናል። ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ ድዷን የምትነቀስ ልጅ በመርፌ ስትወጋና ጥላሸት ሲቀባባት ጥርሷን ነክሳ መቻል ነበረባት፤ ድዱ እስኪሽር ትኩስ ነገር አይቀመስም። ቀሚስና ድሪ የሌላት ከጎረቤት ተውሳ ትወጣለች፤ ለትዳር የሚያጭ ዓይን ከየጥጉ ያያታልና። መስከረም ሲጠባ ግን ሁሏም ወደ ውኃዋና ወደ እንጨቷ ትመለሳለች፣ የተዋሰችውም ይመለሳል።

ገደቡ የማይመለከታቸውም ነበሩ። ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ስም የሚጋሩት ላሊበሎች፣ ሐሚናም የሚባሉት፣ ገና ሳይነጋ በየደጁ ቆመው የባለቤቱን ደግነትና የቤተሰቡን ቁንጅና እያወደሱ ምጽዋት ይቀበላሉ። ዘፈኑን ከተዉ የሥጋ ደዌ ይወርድባቸዋል የሚለው እምነት ከዘር ዘር ሲከተላቸው ኖሯል። ሰው ስለ መልኩ ያለውን ፍርሃት ሁሉ የእነሱ ጫንቃ ተሸከመው ማለት ይቻላል።

ባቲና አምባሰል ስማቸውን ለዜማ ቅኝት ባዋሱበት በዚህ አገር፣ ወሎዬ ሲባል ሰልካካ አፍንጫና መቃ አንገት አብሮ ይነሣል። ውዳሴውም ቀንበር ነው፤ ከወሎ ተወልዶ ቆንጆ ያልሆነ ሰው ሁለት ጊዜ ጎደሎ ይመስለዋልና።

ከሁሉ የከፋውን ዋጋ ያስከፈለው ግን የመንግሥት ማማር ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ወሬው የአገር ስም እንዳያጎድፍ ሸፋፈነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ገለጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አዛምዶ በቴሌቪዥን አቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። አሥር ዓመት ሲሞላ ከሳሹ የተከሳሹን መንገድ ያዘ። መስከረም 1977 አዲስ አበባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በቅስትና በባንዲራ ስታጌጥ ወሎ ዳግመኛ እየረገፈ ነበር። በጥቅምት የፊልም ባለሙያው የሞሐመድ አሚን ካሜራ ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ከኮረም ያነሣውን ቢቢሲ ሲያሳይ የቁንጅና አገር የተባለው ወሎ ለዓለም የረኀብ መልክ ሆነ። ያልተኳለ ፊቱን ማሳየት ያፈረ መንግሥት ረኀቡን ሸፋፍኖት ነበር።

ካሜራው ከዚያ ወዲህ አልወጣም። በእ.ኤ.አ. 1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው ላሊበላም ቱሪስቱ በረከተ፤ መስቀል ይዘው ፎቶ የሚነሡ ቄሶች ብልጭታው ዓይናቸውን ስለሚወጋው ጥቁር መነጽር ሲያደርጉ ይታያሉ። ዛሬ ካሜራው በእያንዳንዷ ልጅ እጅ ነው። አሸንድዬ መድረክ ወጥቷል፤ ቲክቶክ ደግሞ ነሐሴን አይጠብቅም። ትናንት ጌጥ የነበረው የአንገት ንቅሳት ከተማ ሲገባ በሻሽ ይሸፈናል፣ አቅም ያላት በሌዘር ታስጠፋዋለች። ፊት የሚያቀላ ቅባት ጠይሟን ልጅ «ትቀያለሽ» እያለ ይጠራታል። የክቱ ቀን ዓመቱን ሙሉ ሆነ፤ አዘቦት ጠፋ።

ራስን መቀበል ሲባል ኩልና ሹሩባን መተው የሚመስለው አለ። ላስታ እንዲያ አላለም፤ አጊጦ መውጣትን ያውቅበታል። ይልቅ መመለስ ያለበት ሳያጌጡ የመታየት መብት ነው፤ ያም በአንዲት ልጅ የልብ ቁርጠኝነት ብቻ አይገኝም። ድሮም ቀኑን የለየላት ማኅበረሰቡ ነበር። ዘመድ «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ» ማለቱን ይተው፤ ትምህርት ቤትና ቤተሰብ ልጅቷ ደክሟት፣ ከፍቷት፣ ተርባ ብትታይ ነውር አያድርጉት። ሁልጊዜ ማማር ያለበት ሰው ቸግሮኛል ማለት አይችልም፤ ቸግሮኛል ማለት ያልቻለ ደግሞ ምን እንደሚገጥመው የ1965ቱና የ1977ቱ ወሎ ምስክር ነው።