የካርቱም ሰማይ በሕዋ ምርምር ታሪክ ውስጥ

የሕዋ ምርምር ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ሮኬት በሚወነጨፍባቸው ቦታዎች ዙሪያ በመሆኑ የካርቱም ስም እምብዛም አይነሳም፤ ሆኖም ሱዳን በ20ኛውና በ21ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ጊዜ ለዚህ ታሪክ ትልቅ አስተዋጽኦ አበርክታለች። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 15 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለምትገኝ ሁለቱንም የሰማይ አጋማሾች ታያለች። ሪያድ በተባለው ሰፈርም ሆነ በሌሎቹ የካርቱም ሰፈሮች በሙቀቱ ወራት አንገሬብ የተባለውን በገመድ የተጠለፈ አልጋ ግቢ ወይም ሰገነት ላይ አውጥቶ መተኛት የቆየ ልማድ ነው፤ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ካልጋረደው በቀር ተኝቶ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው በስተሰሜን የዋልታውን ኮከብ፣ በስተደቡብ ደግሞ ከአውሮፓ ፈጽሞ የማይታየውን የደቡብ መስቀል በአንድ ሌሊት ሊያይ ይችላል።

የመጀመሪያው ታላቅ አጋጣሚ የካቲት 17 ቀን 1944 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1952) የሆነው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። የጨረቃ ጥላ በካርቱም ላይ ሲያልፍ ፀሐይ ከሦስት ደቂቃ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነች፤ ለዚያች አጭር ጊዜም ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የሥነ ፈለክ ቡድኖች መሣሪያቸውን ቀደም ብለው ተክለው ይጠባበቁ ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ70 ዓመት ያለፈው ዦርዥ ቫን ቢስብሩክ፣ የአንስታይንን ንድፈ ሐሳብ ለመፈተን በተሸፈነችው ፀሐይ ዙሪያ ያሉትን ከዋክብት ፎቶግራፍ አነሣ፤ ከስድስት ወር በኋላ ፀሐይ ከዚያ የሰማይ ክፍል ስትርቅ እነዚያኑ ከዋክብት በሌሊት ደግሞ አነሣና ሁለቱን አመሳከረ። የፀሐይ ስበት የከዋክብቱን ብርሃን 1.70 የቅስት ሴኮንድ ያህል አጥፎት ተገኘ፤ የቅስት ሴኮንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ እጅ ሲሆን፣ አንስታይን አስቀድሞ ያሰላው 1.75 ነበር።

በዚያው ግርዶሽ ፈረንሳዊው በርናር ሊዮም ተገኝቶ ነበር። እርሱ ኮሮናግራፍን፣ ማለትም የፀሐይን ገጽ በቴሌስኮፑ ውስጥ ጋርዶ ኮሮና የተባለውን ደብዛዛ የውጭ ከባቢዋን ያለ ግርዶሽ የሚያሳየውን መሣሪያ የፈለሰፈ ሰው ሲሆን፣ ከሱዳን ሲመለስ መጋቢት 24 ቀን 1944 ዓ.ም. ካይሮ አጠገብ በባቡር ላይ ሳለ ሞተ። የዚያ ዓይነት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 በተወነጨፈችው ሶሆ መንኮራኩር ላይ ተጭኖ ፀሐይን ያለ ማቋረጥ ለመከታተል አስችሏል።

ሁለተኛው አጋጣሚ ከመጀመሪያው ይልቅ የሱዳናውያን የራሳቸው ሥራ ነው። መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2008) በአሜሪካ አሪዞና ውስጥ ሰማይን የሚቃኝ ቴሌስኮፕ፣ አራት ሜትር ያህል ስፋት ያለው አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር ዐለት፣ ወደ ምድር ሲገሠግሥ አገኘ፤ ስያሜውም 2008 ቲሲ3 ሆነ። ከ20 ሰዓት ግድም በኋላ ጎሕ ሲቀድ በኑቢያ በረሃ ላይ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ፈነዳ፤ ብልጭታውንና በንጋቱ ሰማይ ላይ እየተጠማዘዘ የቀረውን የጢስ ፈለግ ከሶላት የተመለሱ የዋዲ ሃልፋ ሰዎች አዩት። አንድ የሰማይ አካል ምድርን ከመምታቱ በፊት ሲታወቅ ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

ከፍንዳታው የተረፈ ነገር ይኖራል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነበር። ቢሆንም የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓዊያ ሻዳድና ከአሜሪካ የመጣው ፒተር ጄኒስከንስ ኅዳር 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ተማሪዎችንና ሠራተኞችን አስከትለው ፍለጋ ጀመሩ። ቦታው የእንግሊዛዊው ጄኔራል የኪችነር ጦር እ.ኤ.አ. በ1897 ከዋዲ ሃልፋ ወደ አቡ ሐመድ በዘረጋው የባቡር ሐዲድ ላይ ያለ፣ በቁጥር ብቻ የሚጠራ ጣቢያ 6 አካባቢ ነው፤ ድንጋዮቹም በዐረብኛ ስሙ አልመሐታ ሲታ ተብለዋል። ተማሪዎቹ በረድፍ ተሰልፈው፣ ጎን ለጎን እየተራመዱ፣ በነጣው አሸዋ ላይ ጥቁር ድንጋይ ይፈልጉ ነበር። በመጀመሪያው ዘመቻ 15 ስብርባሪዎች ሲገኙ፣ በተከታዮቹ ዘመቻዎች ቁጥራቸው ወደ 600 ተጠግቶ ክብደታቸው ከ10 ኪሎ ግራም አለፈ። በዚህም አንድ ሜትዮራይት፣ ማለትም ከሕዋ ወርዶ በምድር ላይ የተገኘ ድንጋይ፣ ገና በሕዋ ሳለ በቴሌስኮፕ ከታየ አካል ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኘ።

የዚህን ሥራ ትልቅነት ለማየት ከሌሎች ጋር ማስተያየት ይበቃል፦ የጃፓኗ መንኮራኩር ሃያቡሳ2 እ.ኤ.አ. በ2020 ከአስትሮይድ ያመጣችው 5 ግራም ተኩል ያህል፣ የአሜሪካዋ ኦሳይረስ ሬክስ በ2023 ያመጣችው 121.6 ግራም ነው። በርግጥ መንኮራኩሮቹ ያመጡት ናሙና አየር ያልነካው ንጹሕ ሲሆን፣ የኑቢያው ድንጋይ ግን በአየር ውስጥ ተቃጥሎ በአሸዋ ላይ ለሁለት ወር ሰንብቷል፤ ይሁን እንጂ በእግር እየሄዱ የለቀሙት ወጣቶች ድካም ከእነዚህ ተልዕኮዎች ጎን ሊጻፍ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በእነዚሁ ድንጋዮች ውስጥ የሚገኙትን ደቃቅ አልማዞች መርምሮ፣ መጠኑ በሜርኩሪና በማርስ መካከል የነበረ፣ በሥርዓተ ፀሐይ መጀመሪያ ዘመን ተሰባብሮ የጠፋ ፕላኔት ቅሪት እንደሆኑ አመልክቷል።