ዋስና መዝገብ፦ የከብት ነጋዴዎች ቁጥጥር ታሪካዊ ዳራ

የዛሬው ንግግሬ ተራ በሚመስል ጉዳይ ላይ ያተኩራል፤ የከብት ነጋዴ ሊይዘው ስለሚገባው መዝገብ።

በአገራችን የከብት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ሻጩን «ዋስ ጥራ» ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። ዋሱ ከብቱ የስርቆት አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ሕያው መዝገብ ነበር። ይሁን እንጂ ምስክርነቱ ለባለቤትነት እንጂ ለጤንነት አልነበረም፤ ከብቱ ትናንት ከየትኛው መንጋ ጋር እንደዋለ አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች አማካይነት እንደተዛመተ የሚታመነው የደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን የቀንድ ከብት ፈጀ፤ ክፉ ቀን የምንለውን ረኀብም አስከተለ። በዘመኑ ክትባት ስላልነበረ መዝገብ ብቻውን እልቂቱን ባላስቀረው ነበር። ሆኖም በሽታ የንግድን መንገድ ተከትሎ እንደሚጓዝ ትምህርቱ ግልጽ ነው።

ጉድለቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የአፍተግር በሽታ ሲቀሰቀስ፣ ምልክቱ ከመታወቁ በፊት በጎች በሄክስሃምና በሎንግታውን ገበያዎች በኩል በነጋዴዎች እጅ ተበትነው ነበር። ከጨረታው ውጭ የተካሄዱ ያልተመዘገቡ ሽያጮች የተቆጣጣሪዎችን ክትትል አደናቀፉ። በመጨረሻም ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ።

ወደ ቀንዳችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በታየ ጊዜ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ ከብቶችን አገዱ። የሱማሌ አርብቶ አደር መንጋው ጤነኛ ቢሆንም ይህንን የሚያስረዳበት ሰነድ አልነበረውምና ከታመመው እኩል ተቀጣ። እንግዲህ መዝገብ ነጋዴውን መያዣ ገመድ ብቻ ሳይሆን ንጹሑን ከተጠርጣሪው የሚለይ ጋሻም ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819 ግብይቱን ሥርዓት ለማስያዝ የታሰበ ሕግ ነው። የሕግ መኖር ግን አይበቃም። ነጋዴው «ከማን፣ መቼ፣ ለማን» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በታማኝነት የሚመልሰው መዝገቡ እንደማያስጠቃው ሲያምን ነው። የጤና ተቆጣጣሪውን ከግብር ሰብሳቢው መለየት ካልቻለ ግን ከብቱን በጫካ ይነዳል፤ በሽታውም አብሮት ይነዳል።

አባቶቻችን ዋስን ያከበሩት በዳኛ ትእዛዝ ብቻ አልነበረም፤ ሻጩንም ገዢውንም ስለሚጠብቅ ጭምር ነው። የዛሬው መዝገብም መመዘን ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው።