ዙሩን ማን ወሰደ?

የ1988ቱ የሶል ኦሊምፒክ ሊዘጋ ሲል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የስፖርቱ መዝገብ እንደዚያ ስለሆነ) በቀላል መካከለኛ ሚዛን ለወርቅ የተጋጠሙት ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አንዱ ከፍሎሪዳ የመጣው የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ሮይ ጆንስ፣ ሌላው በአገሩ ሕዝብ ፊት የቆመው ኮሪያዊ ፓርክ ሺ-ሁን። ግጥሚያው ሦስት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። በእነዚያ ዘጠኝ ደቂቃዎች ጆንስ ያሻውን አደረገ። በሁለተኛው ዙር የመሃል ዳኛው ፍልሚያውን አስቁሞ በፓርክ ላይ ቆጠረበት። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የወጣው ቆጠራ ጆንስ 86 ቡጢ ሲያሳርፍ ፓርክ 32 ብቻ እንዳሳረፈ ይናገራል። ከዚያ ሁለቱም የመሃል ዳኛውን ግራና ቀኝ ይዘው ቆሙ። ውጤት ተነበበ። ከፍ ያለው የፓርክ እጅ ሆነ። ሦስት ለሁለት።

የሶቪየትና የሃንጋሪ ዳኞች 60 ለ56 ለጆንስ ሰጥተዋል። ከኡራጓይ፣ ከሞሮኮና ከኡጋንዳ የመጡት ለፓርክ። ጉቦ ነው ያልተባለበት ቀን የለም፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ግን ነገሩን መርምሬ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ በ1997 ዘጋው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ጉቦው አይደለም። ሞሮኳዊው ዳኛ ለጋዜጠኞች ሰጠው ተብሎ የተዘገበው ምክንያት ነው። አሜሪካዊው በጣም በቀላሉ ስላሸነፈ ሌሎቹ አራት ዳኞች ሁሉ ለእሱ ይሰጡታል ብሎ እርግጠኛ ነበር፤ ስለዚህ አዘጋጇ አገር እንዳታፍር ብሎ የራሱን ድምፅ ለኮሪያዊው ጣለ።

ይህን እኛ በአንድ ቃል እንጠራዋለን፦ ይሉኝታ። ሰውዬው ያየውን አላጣውም። ያየውን አልጻፈም እንጂ።

ዋጋውን ማን ከፈለ? ጆንስ የብር ሜዳሊያ ይዞ ሄደ፤ የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ ተብሎ የቫል ባርከር ዋንጫም ተሰጠው (የተሸነፈ ሰው ምርጥ ሲባል አስቡት!)። ፕሮፌሽናል ሆኖ በአራት ሚዛኖች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2003 ከባድ ሚዛን ድረስ ወጥቶ ጆን ሩዪዝን አሸነፈ። ፓርክ ግን ፕሮፌሽናል ሆኖ አያውቅም። የአገሩ ሕዝብ እንኳ በሙሉ ልቡ ያላመነለትን ወርቅ ይዞ ኖረ። በ2023 ባሕር አቋርጦ ጆንስን ፔንሳኮላ ድረስ ፈልጎ ሄደና ሜዳሊያውን በእጁ ሰጠው። 35 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። የተሳሳተ ነጥብ የሚጎዳው ተሸናፊውን ብቻ ይመስለን ነበር።

እኛ በነገራችን ላይ ሶል ላይ አልነበርንም። የኮሎኔል መንግሥቱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆሞ ኦሊምፒኩን ስላቋረጠ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው በላይነህ ዲንሳሞ እንኳ አልሄደም። በላይነህን ያነሳሁት ለቁጭት አይደለም። የኛ የስፖርት ፍቅር በሰዓት ያደገ ስለሆነ ነው። 2:06:50 ማለት 2:06:50 ነው፤ ሰዓቱ አዘጋጅ አገር አያውቅም፣ ይሉኝታ የለውም። የቦክስ ነጥብ ግን ከሰው ዓይን ነው የሚወጣው። የቦክስ ዳኝነት ታሪክ ስታነቡት፣ በአብዛኛው ከዚያች ዓይን ለማምለጥ የተደረገ ሩጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በጥንቱ በባዶ እጅ ዘመን ነጥብ ሰጪ የሚባል ሰው አያስፈልግም ነበር። ዙር የሚያልቀው አንዱ ሲወድቅ ነው፤ ግጥሚያው የሚያልቀው አንዱ መነሳት ሲያቅተው። ጆን ሱሊቫንና ጄክ ኪልሬን በ1889 ሲፋለሙ 75 ዙር ሄዱ። እዚያ ማን አሸነፈ ብሎ የሚከራከር የለም፣ መሬቱ ይናገራል። ነገሩን የቀየረው በ1867 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው፣ በማርኪስ ኦፍ ኩዊንስቤሪ ስም የሚጠራው ደንብ ነው (የጻፈው ግን ማርኪሱ ሳይሆን ጆን ግርሃም ቻምበርስ የሚባል ሰው ነው፤ ስሙ የባላባቱ፣ ሥራው የሌላ፣ ያው እንደተለመደው)። ጓንት አስገዳጅ ሆነ፤ ዙሩ ሦስት ደቂቃ፣ ዕረፍቱ አንድ ደቂቃ። ዙር በሰዓት ሲያልቅ ደግሞ ሁለቱም ቆመው የሚጨርሱበት ቀን መጣ። ያን ቀን ሦስተኛ ሰው መናገር ነበረበት።

ማን ይናገር? ኒውዮርክ ከ1911 እስከ 1917 በሠራችበት ሕግ ማንም እንዳይናገር ተደረገ። ቦክስ ይፈቀዳል፣ በነጥብ ማሸነፍ ግን የለም፤ ካልተዘረርክ አልተሸነፍክም። ቁማርተኛው ግን ገንዘቡን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰው በማግሥቱ ጋዜጣ ይገዛና ሪንጉ ሥር የነበረው ሪፖርተር ማን አሸነፈ ብሎ እንደጻፈ ያያል። የውርርዱ ሂሳብ በዚያ ይዘጋል። ጋዜጠኝነት ተምራ ለወጣች ሴት ይህ የሚያስቀና ዘመን ነው፤ አርታኢ የማይሰርዘው ፍርድ! ችግሩ ሁለት ጋዜጣ የገዛ ሰው ሁለት አሸናፊ ማግኘቱ ነበር። በ1920 ሕጉ ተለወጠና ፍርዱ ለዳኞች ተሰጠ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ዛሬም አልተፈታም። ዙር ስንት ያወጣል? በመጋቢት 1971 በስምንት ቀን ልዩነት የተደረጉ ሁለት ግጥሚያዎች ይህን ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ኒውዮርክ ላይ መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዘር የተጋጠሙበት ነው። ኒውዮርክ ያን ጊዜ ዙር ብቻ ነበር የምትቆጥረው፤ ብዙ ዙር የወሰደ ያሸንፋል። ፍሬዘር በሦስቱም ወረቀት አሸነፈ፣ ግን አንዱ 8 ለ6 (አንድ ዙር እኩል)፣ ሁለተኛው 9 ለ6፣ ሦስተኛው 11 ለ4 ብለው ነው። አንድ ግጥሚያ ነው ያዩት! ደግሞ ፍሬዘር በ15ኛው ዙር አሊን በግራ እጁ መሬት ላይ ያጋደመበት ያ ዙር፣ በወረቀቱ ላይ በፀጉር ስንዝር ከተወሰደ ዙር እኩል ነው። አንድ ዙር፣ በቃ።

ሁለተኛው ለንደን ላይ ነው፤ ሄንሪ ኩፐርና ጆ በግነር። እንግሊዞች በፊናቸው ሁሉንም ለመሃል ዳኛው ለብቻው ሰጥተው ነጥቡን ሸረፉት፦ የዙሩ አሸናፊ 5፣ ተሸናፊው አራት ከሦስት ሩብ። ከ15 ዙር በኋላ ዳኛው ሃሪ ጊብስ የበግነርን እጅ አነሳ። 73¾ ለ73½። በሩብ ነጥብ! እንግሊዝ እንደ ገዛ ልጇ የምትወደው ኩፐር ከዚያ በኋላ ጓንቱን ሰቀለ፣ ጊብስንም ለብዙ ዓመታት አላናገረውም። ስሌቱን ወደኋላ ብትሠሩት በግነር 6 ዙር፣ ኩፐር 5፣ አራቱ እኩል ሆነው ይመጣሉ። አራት እኩል ዙር ማለት ዳኛው አራት ጊዜ አልወስንም አለ ማለት ነው። በቀረው ሩብ የሰው ሥራ አለቀ።

ዛሬ በፕሮፌሽናል ቦክስ የሚሠራው የአሥር ነጥብ ስሌት የሁለቱን ጉድለት ለመሙላት የገባ ነው። የዙሩ አሸናፊ 10፣ ተሸናፊው 9፤ ከወደቀ 8። የሚታየው ነገር አራት ነው ይባላል፦ ንጹሕ ቡጢ፣ ውጤት ያለው ማጥቃት፣ ሪንጉን መቆጣጠርና መከላከል። ሆኖም ዳኞች መውደቅ ከሌለ 10 ለ8 መስጠት ስለሚፈሩ ብዙው ነገር 10 ለ9 ሆኖ ያልፋል። አንዱ አምስት ዙር ተጋጣሚውን ገመድ ላይ አስደግፎ ቢቀጠቅጠው፣ ሌላው ሰባቱን ዙር በአንድ በአንድ ቡጢ ብልጫ ቢወስድ፣ ውጤቱ 115 ለ113 ለሁለተኛው ነው። ሕዝቡ “ሌቦች!” እያለ ይወጣል፣ ዳኛው ግን ሂሳቡን አልሳተም።

የሚስቱም አሉ። በመጋቢት 1999 ኢቫንደር ሆሊፊልድና ሌኖክስ ሌዊስ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲገናኙ የቡጢ ቆጣሪዎቹ መዝገብ ሌዊስ 348፣ ሆሊፊልድ 130 ይላል። ሦስት ዳኞች ሦስት ውጤት አመጡ፦ አንዱ 116 ለ113 ለሌዊስ፣ ሌላው 115 ለ115፣ ዩጂኒያ ዊልያምስ 115 ለ113 ለሆሊፊልድ። እኩል ለእኩል ተባለ። እሷ ሌዊስ ሆሊፊልድን ገመድ ላይ አድርጎ የወቀጠበትን አምስተኛውን ዙር እንኳ ለሆሊፊልድ ሰጥታለች።

“እንግዲያው መሣሪያ ይቁጠርልን” የሚል አይጠፋም። ተሞክሯል! ከሶል ውርደት በኋላ አማተሩ ቦክስ ኮምፒውተር አስገባ። ባርሴሎና 1992 ላይ አምስት ዳኞች ቁልፍ ይዘው ተቀመጡ፤ ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ለአንድ ቡጢ ከተጫኑ ነጥብ ይመዘገባል። የዓለም ሻምፒዮኑ ኤሪክ ግሪፊን ለስፔኑ ራፋኤል ሎዛኖ 6 ለ5 ተሸነፈ። የእያንዳንዱ ዳኛ ቁልፍ ለየብቻ ሲታይ ግን አምስቱም ለግሪፊን ነበር አብልጠው የተጫኑት። ጣቶቻቸው በአንድ ሰከንድ አልተገናኙማ። ማሽኑ ዓይኑን አልተካውም፤ የአውራ ጣትን ፍጥነት ጨመረበት እንጂ። ቦክሰኛውም ለቁልፍ መቦከስ ተማረ። ሆድ ላይ የምታርፍ፣ ሰውን የምትሰብር ቡጢ ከሩቅ ስለማትታይ ረከሰች።

ከለንደን 2012 በኋላ ያ ቀርቶ አሥር ነጥቡ ወደ አማተሩ መጣ፤ በ2016 ሪዮ ላይ ደግሞ አየርላንዳዊው ማይክል ኮንላን በሩሲያዊው ቭላዲሚር ኒኪቲን ተሸነፈ ተባለ። “አሸናፊው” በጣም ስለተጎዳ ቀጣዩን ግጥሚያ መጫወት አልቻለም። ሪዮ ላይ የሠሩት 36 ዳኞች በሙሉ ታገዱ፤ በ2021 የወጣው የሪቻርድ ማክላረን ምርመራ ሹማምንቱ ውጤት የሚያስቀይሩበት መረብ እንደነበር አጋለጠ። በ2023 የኦሊምፒክ ኮሚቴው ለዓለም አቀፉ የቦክስ ማኅበር የሰጠውን እውቅና ነጠቀ። በ2025 ለአዲሱ ወርልድ ቦክሲንግ ጊዜያዊ እውቅና ተሰጥቶ፣ ቦክስ በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ውስጥ እንዲቆይ ተወሰነ።

ታዲያ ዳኛ እንዴት ይስጥ? ከዓይን ማምለጥ እንደማይቻል ያየን ይመስለኛል። ስለዚህ ዓይኑን ከሌላው ነገር ሁሉ መለየት ነው። ዳኛ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በእነዚህ ሦስት ደቂቃዎች ማን ማንን አገኘ? ያለፈው ዙር፣ የሰዉ ጩኸት፣ የቦክሰኛው ስም፣ ጎኑ የተቀመጠው ዳኛ ምን ይል ይሆን የሚለው፣ ሁሉም ከወረቀቱ ውጭ ናቸው። ከአራቱ መስፈርቶችም እኔ ንጹሕ ቡጢን አስቀድማለሁ። ማጥቃት የሚባለው ካላሳረፈ መራመድ ብቻ ነው፤ ሪንግ መቆጣጠር የሚባለው ደግሞ ለሚወዱት ልጅ ነጥብ መስጫ ሰበብ ሲሆን አይቻለሁ። የቡጢ ብዛትም ብቻውን አይበቃም፤ ሦስት ዳሰሳ ጉልበት የምታብረከርክ አንዷን አያህሉም። አንዱ እየተንገዳገደ ዙሩን የጨረሰ እንደሆነ፣ ባይወድቅም 10 ለ8 ይጻፍ። 10 ለ10 ደግሞ ስንፍና ነው።

ውጤቱ በየአራት ዙሩ ይነገር የሚሉ አሉ፤ አንዳንድ ግጥሚያ ላይ ተሞክሯል። አልደግፈውም። መምራቱን ያወቀ ቦክሰኛ መሸሽ ይጀምራል፤ ዳኛውም የባልደረቦቹን ወረቀት ሰምቶ ለቀጣዩ ዙር ይቀመጣል፣ ይሉኝታው በማይክሮፎን ተነገረው ማለት ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ዳኛው በየዙሩ መጨረሻ ወረቀቱን ያስረክብ፤ ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ደግሞ ከሌሎቹ የተለየባቸውን ዙሮች ቪዲዮ እያየ በስሙ፣ በጽሑፍ ያስረዳ። “አዘጋጇ አገር እንዳታፍር” የሚለው ምክንያት እዚያ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ማየት ነው የምፈልገው።