ድመትን ያስከበረው የለንደን ሠዓሊ

በአገር ቤት ድመት በአብዛኛው የምትፈለገው ለአይጥ ነው። ከጓዳና ከምድጃ ዳር አትጠፋም፤ ሥዕሏን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ግን ብዙም አልነበረም። ከ140 ዓመታት በፊት እንግሊዞችም ከዚህ እምብዛም አይለዩም ነበር። ይህን አመለካከት ከለወጡት ሰዎች አንዱ የለንደኑ ሠዓሊ ሉዊስ ዌይን ነው።

ዌይን እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1860 በለንደን ክላርክንዌል በተባለው ሠፈር ተወለደ። የ20 ዓመት ወጣት ሳለ አባቱ ስለሞተ እናቱንና አምስት እህቶቹን የመርዳት ኃላፊነት በእርሱ ላይ ወደቀ። በ1884 የእህቶቹ የቤት አስተማሪ የነበረችውን ኤሚሊ ሪቻርድሰንን አገባ። ብዙም ሳይቆይ ግን ኤሚሊ በጡት ካንሰር ታመመች። በዚያ የጭንቅ ጊዜ ያጽናናት ባልና ሚስቱ ከውጭ ያስጠጉት ፒተር የተባለ ጥቁርና ነጭ ድመት ነበር። ዌይን ሚስቱን ለማሳቅ ሲል ድመቱን ደጋግሞ ይሥል ጀመር። ሥዕሎቹን እንዲያሳትም የገፋፋችውም እርሷ ነበረች።

በ1886 የገና ሰሞን «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የተባለው ጋዜጣ የድመቶችን የገና ግብዣ የሚያሳይ ሥራውን አወጣለት። በሥዕሉ ላይ 150 ያህል ድመቶች ነበሩ። ኤሚሊ ይህንን አይታ በ1887 መጀመሪያ ላይ አረፈች።

ከዚያ በኋላ የዌይን ስም ገነነ። ድመቶቹ በሁለት እግር ቆመው፣ ልብስ ለብሰው፣ ሻይ ሲጠጡና ካርታ ሲጫወቱ በመጻሕፍትና በፖስት ካርድ ላይ ታዩ። የብሔራዊው የድመት ክበብ ፕሬዚዳንት እስከመሆንም ደረሰ። ይሁን እንጂ ዌይን የንግድ ሰው አልነበረም። ሥዕሎቹን ሲሸጥ የማሳተም መብቱን ስለማያስቀር፣ ሥራው ደጋግሞ ሲታተም ለእርሱ የሚደርሰው አልነበረም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ገበያውን ሲያቀዘቅዘው ድህነቱ ባሰ።

በ1924 አእምሮው ታውኮ ቱቲንግ በሚገኘው ስፕሪንግፊልድ ሆስፒታል ድሆች በሚተኙበት ክፍል ገባ። ሥዕሉ በየቤቱ የተሰቀለለት ሰው የት እንደደረሰ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በ1925 ዳን ራይደር የተባለ መጽሐፍ ሻጭ ሆስፒታሉን ሲጎበኝ ድመት የሚሥል አንድ በሽተኛ አየ፤ ቀርቦ ቢያነጋግረው ሉዊስ ዌይን ሆኖ ተገኘ። ወሬው እንደተሰማ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስና ቀደም ሲል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራምሴ ማክዶናልድም ድጋፋቸውን ሰጡ። ዌይን የተሻለ ክብካቤ ወደሚያገኝበት ቤትለም ሆስፒታል ተዛወረ። ሆስፒታሉ ያኔ የነበረበት በላምቤዝ ሮድ የሚገኘው ሕንፃ ዛሬ የጦርነት ሙዚየም ነው።

በ1930 ከለንደን ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ናፕስበሪ ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያ የአትክልት ሥፍራና ድመቶች ነበሩለት፤ ሥዕሉንም አልተወም። ጁላይ 4 ቀን 1939 በ78 ዓመቱ አረፈ፤ መቃብሩም ኬንሳል ግሪን ነው።

ዌይን ድመት መሣል የጀመረው የታመመ ሰው ለማጽናናት ነበር። እርሱ ራሱ ሲታመም ደግሞ ከመረሳት ያዳነው ቀርቦ ያነጋገረው አንድ ሰው ነው። በሽተኛ መጠየቅ ለእኛ ከአገር ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። በዚህ ሰፊ ከተማ ጠያቂ አጥቶ የተኛ ወገን ስለማይጠፋ፣ ልማዱን እዚህም ልንጠብቀው ይገባል።