የእንቁላል ምስክርነት

ተከሳሹን ለመቅጣት የተጀመረ ምርመራ ተበዳዩ ራሱ ተከሳሹ መሆኑን ሲያረጋግጥ በታሪክ ብዙ ጊዜ አይታይም። በብሪታንያ ግን ይህ ሆኗል። ተከሳሹ ፔሬግሪን የተባለው ጭልፊት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1960 እርግብ የሚያወዳድሩ ሰዎች ለመንግሥት አቤት አሉ። ጭልፊት በዝቶ እርግቦቻችንን ፈጀብን፤ ሕግ የሰጠው ከለላ ይነሳልን አሉ። የቆጠራው ሥራ ለተፈጥሮ ተመራማሪው ለዴሪክ ራትክሊፍ ተሰጠ። በ1961 እና በ1962 ገደሉ ሁሉ ሲታሰስ፥ በዛ የተባለው ጭልፊት ጎጆው ኦና ሆኖ ተገኘ። በ1963 ቁጥሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር።

ጥፋቱ የመጣው ከእርሻ ነው። ከ1956 ገደማ ጀምሮ ገበሬዎች የስንዴውን ዘር ከተባይ ለመጠበቅ ዲልድሪንና አልድሪን በተባሉ መድኃኒቶች እያሹ ይዘሩ ነበር። ዘሩን እርግብ ለቀመችው፤ እርግቧን ጭልፊትና ቀበሮ በሏት፤ የበላውም እንደተበላው ሞተ። መርዙ በስብ ውስጥ ስለሚከማች ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ይበረታል። እኔ በምውልበት በባንክ ቤት ቋንቋ፥ ያልተከፈለ ዕዳ ከነወለዱ ወደሚቀጥለው ገጽ ይዞራል እንደማለት ነው።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ ጉዳትም ነበር። ራትክሊፍ በየጎጆው የተሰባበሩ እንቁላሎች ያይ ነበር። የምክንያቱ ፍንጭ የተገኘው በሙዚየሞችና በግለሰቦች መሳቢያ ውስጥ ነው። በዚያ አገር የአእዋፍን እንቁላል ከጎጆ አውጥቶ፥ ውስጡን አፍስሶ፥ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ማኖር የቆየ ልማድ ነበረ። ራትክሊፍ የድሮዎቹን ከአዲሶቹ ጋር እየመዘነ ቢያነጻጽር፥ ከ1947 ወዲህ የተጣሉት ቅርፊታቸው በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶ አገኘው። ዘመኑ ዲዲቲ በእርሻ ላይ መስፋፋት ከጀመረበት ጊዜ ጋር ገጠመ። ዲዲቲ በወፏ አካል ውስጥ ተለውጦ የሚተወው ቅሪት ካልሲየም ወደ ቅርፊቱ እንዳይደርስ ያግድ ነበርና፥ እናቲቱ ልትታቀፈው ስትቀመጥ እንቁላሉ ከሥሯ ይሰበር ነበር። ራትክሊፍ ግኝቱን በ1967 አሳተመ።

“እግዜር ሳይደግስ አይጣላም” እንዲሉ፥ ጎጆ ሲያራቁት የኖረ የሰብሳቢዎች ስስት ለወፉ ምስክር ሆኖ ቆመለት።

ብሪታንያ መድኃኒቶቹን ደረጃ በደረጃ አስወገደች፤ ዲዲቲም በ1980ዎቹ ታገደ። ጭልፊቱ ተመለሰ፤ በዚህ ክፍለ ዘመን በተደረጉት ቆጠራዎች ከ1,000 ጥንድ በላይ ሆኗል። የ2001ዱ የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን ከእርሻ አስወጥቶ፥ የወባ ትንኝን ለመሰሉ በሽታ አስተላላፊዎች መከላከያ ብቻ እንዲውል ፈቀደ።

ገበሬው ክፉ አልነበረም፤ ስንዴውን ማዳን ፈለገ እንጂ። ለጭልፊቱ የደረሰለት ግን መከሰሱ ነው፤ ባይከሰስ ኖሮ ጎጆውን ማን ይቆጥር ነበር? ማንም ላልከሰሰው፥ ስለዚህም ላልተቆጠረው ፍጡርስ ማን ይመሰክርለታል?