ዜና ሸዋሉል ዘምድረ ጨርጨር

የነገሥታትንና የመኳንንትን ዜና ብዙዎች ጽፈዋል። እኛ ግን የገጣሚዋን የወይዘሮ ሸዋሉል መንግሥቱን ዜና እንጽፋለን፤ ዘፈኑ በሕዝብ አፍ ሲኖር የደራሲዋ ስም ከሸክላው ጋር ተሰብሮ እንዳይቀር።

አስቀድመን የአገራቸውን ነገር እናውሳ። ጨርጨር ቡናና ጫት የሚበቅልበት ደጋ ነው፤ በቆላው፣ በሚኤሶ በኩል፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ሐዲድ ያልፋል። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በጨርጨር ላይ ተሾሙ፤ ግዛቱም ለሌላው አርአያ እንዲሆን ታሰበ። የግዛቱም ከተማ አሰበ ተፈሪ ተባለች፤ የአገሩ ሰው ጭሮ ይላታል፤ ዛሬም መጠሪያዋ ይኸው ነው። እኒህ ገዥ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የደረሱ፣ የ1923ቱንም ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ስለዚህ ጭሮ ከጥንት የብዕር ሰው እጅ ያረፈባት ከተማ ናት።

ከዚህች ምድር ሸዋሉል ተነሡ። በዚያም ዘመን የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መድረኩን ይዘው ነበር። ኋላም አምሃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ዘፈን ወደ ገበያ ወጣ፤ ዘፋኝም በዛ፤ ግጥም የሚሻውም እንዲሁ። ለወጣቱ ድምፃዊ ለሙሉቀን መለሰ ግጥም ከሰጡት ሸዋሉል አንዷ፣ ዓለምፀሐይ ወዳጆም ሌላዋ ነበሩ። ወጣቱ በፍቅር ሲማጸን አገር ሁሉ አብሮት ተማጸነ፤ ቃሉን ያበጀችለት ግን ሴት ነበረች። ድምፁ ለእርሱ ክብር ሆነ፤ የገጣሚዋን ስም ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። በነሐሴ ድሬዳዋ ተጠቃች፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች፤ የሐረርጌም ምድር በእሳት ነደደ። በዚያ ጦርነት ሸዋሉል መንግሥቱ ሕይወታቸው አለፈ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ተራራ ነጻ ወጣ፤ ድሉንም አገር ዘፈነው።

ልጃቸው አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታ ግን የእናቱን ሙያ በሌላ መንገድ ያዘ፤ እርሳቸው በቃል፣ እርሱ በዜማ ቅንብር። በስደት አገር፣ በዋሽንግተን፣ ከአድማስ ባንድ ጋር ሠራ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ዓድዋን የሚያወሳውን የቴዲ አፍሮን «ጥቁር ሰው» አቀናበረ። እናት፣ አገር በተወረረችበት ዘመን አለፉ፤ ልጅ፣ አገር ወራሪን ድል ያደረገችበትን ቀን በሙዚቃ አነሣ።

አንባቢ ሆይ፣ የሙሉቀንን ዘፈን ስትሰማ ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠይቅ። የጭሮና የሂርና፣ የበዴሳና የገለምሶ ሽማግሌዎችም ሆይ፣ የምታውቁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ልጆቻችሁም ይጻፉት። ስሟ ያልተጻፈ ደራሲ ሁለት ጊዜ ትሞታለችና።